የማትገድል እብጠት

ያረጋል ሦስተኛዋን ስንኝ ሊያወርድ አፉን ሲከፍት ድምፁ መንገድ ላይ ቀረ። ከጎኑ የተሰለፉት አጫጆች ሊቀበሉት አፋቸውን እንደከፈቱ ጠበቁ። ማጭዶቹ ግን አልጠበቁም፤ ዜማው ሲቋረጥ እነሱም አንድ ባንድ ረገቡ። ያረጋል ወገቡን አቅንቶ ባንገቱ የጠመጠማትን ሻሽ አላላ፤ ምራቁን ለመዋጥ ታገለ፤ እንደምንም ዋጠና ሳለ።

«ድምፅ ማጉያው ባትሪ ጨረሰ!» አለ አንዱ ከሰልፉ ጫፍ።

«ባትሪውማ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ የለ! ሽቦው ነው የተበጠሰ።»

ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ያረጋልም አብሮ ሳቀ፤ ሳቁም ቢሆን እንደ ደረቅ ቂጣ ጉሮሮው ላይ ተያዘበት።

እብጠቷ ከማንቁርቱ በስተቀኝ ነው የበቀለችው። ቆላው የአዝመራ ሠራተኛውን ሁሉ ሳሉግ እያለ ነው የሚጠራው፤ ያረጋልም ከጎጃም ሳሉግ ሆኖ የወረደ ጊዜ የሽምብራ ፍሬ ታክል ነበር። አሁን የቄብ ዶሮ እንቁላል አክላለች። አትቆጠቁጥም፣ አትመግልም። ሲውጥ አብራው ትወጣለች፣ አብራው ትወርዳለች። በጀርባው ሲተኛ ግን የሰው ጉልበት ደረቱ ላይ የተቀመጠ ያህል ትንፋሹን ታሳጥረዋለች። ካምና ወዲህ ደግሞ ከፍ ያለውን ዜማ እኩሌታው ላይ ትይዝበት ጀምራለች።

ከፍ ያለው ዜማ እንጀራው ነው። ሰሊጥ እንደ ማሽላ ታጋሽ አይደለም። ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ነዶው ቀጥ ብሎ ካልቆመ ዛላው አፉን ይከፍትና የዓመት ልፋት መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በዚህ አገር ጥሩ አውራጅ ያለው ማሳ ቀድሞ ይነሣል። አውራጁ ዜማውን ሲያፈጥን ማጭዱ ይፈጥናል፤ ሲያቀዘቅዘው ወገብ ያርፋል። ያረጋል ሰዎቹ «ነጎድጓድ» የሚሉትን ፈጣኑን ዜማ ሲለቀው ሃምሳው ሰው የሰማንያ ሰው ያጭዳል እያሉ ባለማሳው ለጎረቤቶቻቸው ይኩራራሉ። ሌላው ሳሉግ አዝመራ ሲያልቅ ተበትኖ፣ እሱ ቆርቆሮ ቤት ተሰጥቶት ክረምት ከበጋ ካምፑ ውስጥ የሚኖረውም ለዚሁ ነው። ጉሮሮውን ከቀሙት ማጭድ የያዘ ተራ ሰው ነው፤ እሱም አርባ ሊሞላው ጥቂት የቀረው።

ባለማሳው አያ ፈረደ በነዶዎቹ መሃል እየተሹለከለኩ መጡ። አባታቸው ከደጋ ወርደው፣ ጫካ መንጥረው ያቆዩትን መሬት የሚያርሱ፣ ስድሳውን ያለፉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው። አንድ የሰሊጥ ዘንግ ነቅለው መዳፋቸው ላይ ዘቀዘቁት። ጥቂት ፍሬ ጠብ ጠብ አለ። መዳፋቸውን ለያረጋል አሳዩት።

«አየህ? መናገር ጀምሯል።»

«አይቻለሁ አያ።»

«ሰው አነሰን። መንገዱ በግጭት እየተዘጋ ዘንድሮ ከደጋ የወረደው የዱሮውን ግማሽ አይሆንም፤ የመጣውንም የአብደራፊ ባለማሳዎች ይሻሙታል። ከሹፌሩ ከትዕዛዙ ጋር ኮኪት ከተማ ሂድና ሰው አምጣልኝ።»

«ጉሮሮዬ ዛሬ ደህና አይደለም። ሌላ ሰው ቢሄድ...»

«ሌላ ሰው ሄዶ ምን ሊል? ሰዉ የሚሳፈረው አንተን ሰምቶ ነው። ሁለት ሦስት ስንኝ በቃህ፤ ከዚያ አፍህን ዘግተህ ተመለስ።» ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረጉት። «ይቺ አዝመራ ትውጣ እንጂ እኔው ራሴ ጎንደር ይዤህ እሄዳለሁ።»

ያረጋል አመናቸው። ባለፈው ሰኔ ሆስፒታል ይዘውት የሄዱት፣ ለምርመራው ከኪሳቸው የከፈሉትም እሳቸው ናቸው።

ትራክተሩ ሊነሣ ሲል የካምፑ ወጥ ሠሪ ውባንች በጣሳ የማሽላ አጥሚት ይዛ ደረሰች።

«ጠጣ እሱን። ትናንት ዳቦውን ስትታገለው አይቼሃለሁ፤ ከዳቦ ጋር ክስ ያለብህ ነው የምትመስል።»

«ይርታኝ ብዬ ተውኩት።»

«ሚስት ብታገባ ኖሮ ይቺን አንገትህን ባየች ቁጥር ታለቅስ ነበር፤ እንኳን አላገባህ።» ሳቀች፤ ወዲያው ሳቋን ተወችው። «እነዚያ በመርፌ እንሠራልሃለን ያሉህ ሰዎች ምን ነካቸው? መስከረም ሲያልቅ አላሉህም ነበር?»

«ይደውላሉ። የሰጠኋቸው የአያ ፈረደን ቁጥር ነው።»

«እንግዲያ» አለች ውባንች። ባዶ ጣሳዋን ተቀብላ ሄደች።

ትራክተሩ ተሳቢውን እያንገጫገጨ ወደ ኮኪት ሲወርድ ያረጋል የጭቃ መከላከያው ላይ ተቀምጦ ሰኔ ላይ ጎንደር ያየችውን ዶክተር ቃል ያመነዥክ ነበር። ሰው በሌለበት ብቻውን ደጋግሞ የሚያወጣት ቃል ናት።

ዶክተሯ ወጣት ነበረች። አንገቱን ቀዝቃዛ ነገር ቀብታ፣ መሣሪያዋን እያንሸራተተች እብጠቷን በስክሪን አሳየችው። በቀጭን መርፌ ናሙና ወሰደች። ውጤቱ ሲመጣ «ካንሰር አይደለም፤ ገዳይ አይደለችም» ስትለው ከጎኑ የነበሩት አያ ፈረደ «ተመስገን!» ብለው ቆባቸውን አንሥተው ተነሥተው ነበር። እሷ ግን ገና መጀመሯ ነበር።

«ባታስቸግርህ ትተናት በየጊዜው እናያት ነበር። ግን እያነቀችህ ነው። ውኃ የቋጠረች ብትሆን ውኃውን መጥጠን በአልኮል እናደርቃት ነበር፤ ያንተ ድፍን ሥጋ ናት። ስለዚህ አንዱ መንገድ ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱ እዚሁ አለ።»

«ቢላው ድምፄን ይነካል?»

«ብዙውን ጊዜ አይነካም። ግን አልዋሽህም፤ ከጀርባዋ እንደ ክር የቀጠነ ነርቭ ያልፋል፣ ድምፅ የሚያዝ። እሱ ከተጎዳ ድምፅህ ይጎረንናል፤ ከፍ ያለው እምቢ ሊልህ ይችላል። ሥራህ ምንድን ነው?»

«አዝመራ ላይ አወርዳለሁ።»

ዶክተሯ ይህን ስትሰማ ሌላውን መንገድ ነገረችው። አንገት ሳይከፈት ቀጭን መርፌ ይገባል፤ የመርፌው ጫፍ ይግልና እብጠቷን ከውስጥ ያበስላታል። የሚደነዝዘው ቦታው ብቻ ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ቤት ነው። እብጠቷ ባንድ ጀንበር አትጠፋም፤ በወራት ውስጥ እየሟሸሸች ትሄዳለች። ነርቩን ጨርሶ አይነካም አይባልም፤ አደጋው ግን ከቢላው ያንሳል። መሣሪያው እዚህ የለም። መስከረም ሲያልቅ ሐኪሞች ከውጭ ይዘውት መጥተው ለአንድ ሳምንት በነፃ ይሠራሉ። «ስምህን አስገብቼዋለሁ» አለችው። «በምን ስልክ እናግኝህ?»

ያረጋል የራሱን ቁጥር ሊሰጣት አፉን ከፈተና ካምፑ ውስጥ ኔትወርክ እንደሌለ ትዝ አለው። አያ ፈረደ ግን ማታ ማታ ኮኪት ቤታቸው ይገባሉ። «የሳቸውን ይጻፉት» አላት። ሳሉግ ሁሉ እንዲህ ነው። ታሞ ጤና ጣቢያ ሲገባ፣ እናቱ ስትፈልገው፣ የሚሰጠው የባለማሳውን ስልክ ነው። በቆላ ሰው የሚገኘው በአሳዳሪው በኩል ነው፤ ይህም ለማንም ነውር መስሎት አያውቅም።

ኮኪት መናኸሪያው ጥግ ሳሉጉ ማጭዱን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጆንያው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። የሌላ ማሳ ደላሎች እጅ እየጎተቱ ይሟገታሉ። ያረጋል ተሳቢው ላይ ቆመና እጁን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ማጭድህን አንሣ፣ ዋጋ አትጠይቅ፣
የአያ ፈረደ ማሳ፣ አይደለም ሩቅ።»

«ዋጋማ እንጠይቃለን!» ብሎ ጮኸ አንድ ቀጭን የወሎ ልጅ። «ርቀቱን ነው የማንጠይቅ!»

ሰዉ ሳቀ። የሳቀ ሰው ግማሹን ተሳፍሯል፤ ያረጋል ይህችን ያውቃታል። ሁለተኛዋን አስከተለ።

«ሰሊጥና ምስጢር፣ አንድ ናቸው አሉ፣
አንዴ አፍ ከከፈቱ፣ መሬት ነው የሚውሉ።»

«ይሄ ሰውዬ አንገቱ ውስጥ ሌላ ሰው ደብቋል እንዴ?» አለ የወሎው ልጅ እየተንጠላጠለ። ሌሎቹ ተከተሉት። ሹፌሩ ትዕዛዙ የቀን ዋጋውን ነገራቸው፤ ሥራው በቀን ነው፣ እስከ ጀንበር ጥልቀት፣ ቁርስና ምሳ ያለው። ጥቂት ከተከራከሩ በኋላ ተሳቢው ሞላ።

«ነዳጅ እስክቀዳ ጉዳይ ካለህ ጨርስ» አለው ትዕዛዙ።

ያረጋል ወደ ሙሐመድጣሂር ሱቅ አቀና። ሙሐመድጣሂር ማጭድ፣ ሳሙናና ጆንያ ይሸጣል፤ የሳሉጉንም ስልክ ቻርጅ ያደርጋል።

«ያ ዞል!» አለው፤ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው በሱዳኖቹ አፍ። «አንገትህ ካንተ ቀድሞ ገባ እኮ! ዱሮ ቢሆን ካርቱም አንድ የማውቀው ሐኪም ጋ እልክህ ነበር፤ በመርፌ ነው የሚሠራት። አሁን እሱ ራሱ ጦርነቱን ሸሽቶ በገላባት ድንበር ተሻገረና እዚህ በሬ ላይ ሻይ ጠጥቶ አለፈ። ወላሂ፣ ብርጭቆ የያዘ እጁን እያየሁ አዘንኩ። የጎንደሮቹስ?»

«አልደወሉም።»

«አንተስ ለምን አትደውልም? የታመምከው አንተ ነህ ወይስ ስልኩ?»

ያረጋል ሰኔ ላይ የመዘገበውን ቁጥር ፈልጎ ደወለ። አንዲት ነርስ አነሣች።

«ከመተማ ነኝ እህቴ። ያረጋል እባላለሁ። የአንገቴን ጉዳይ...»

«ያረጋል? የሰሊጡ ዘፋኝ?» ድምፅዋ ተለወጠ። «ወንድሜ፣ አሁን ነው እንዴ የምትደውል? ማክሰኞ ነበር እኮ ተራህ! ሁለት ጊዜ ደውለናል።»

«ማንን አገኛችሁ?»

«አንድ ትልቅ ሰው። አሳዳሪው ነኝ አሉ። ልጁ ሐሳቡን ቀይሯል፣ ለሌላ በሽተኛ ስጡት አሉን። እኛም ለሌላ ሰጠነው። አንተ አላልክም እንዴ?»

ከሱቁ ውጭ አንድ አይሱዙ ጥሩንባውን ነፋ። ያረጋል እስኪያልፍ ጠበቀ።

«ዛሬ ብነሣስ?»

«ሐኪሞቹ ዕቃቸውን እያሸጉ ነው። ከሰዓት በአውሮፕላን ይሄዳሉ።»

«ለከርሞ ይመጣሉ?»

«እኔ እንጃ። እንዳልዋሽህ፣ እኔ እንጃ። ቀዶ ጥገናው ግን አለ፤ ሲሻህ ና። እሺ? አይዞህ ወንድሜ።»

ስልኩን ዘግቶ መስታወት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ሙሐመድጣሂር ፊቱን አይቶ ቀልዱን ዋጠ።

«ምን አሉህ?»

«ተራዬ ደርሶ ነበር።»

«እና?»

«አያ ፈረደ ለጽድቅ ሰጡልኝ።»

«ላ ሐውለ ወላ ቁወተ...» ሙሐመድጣሂር መከራ ሲሰማ የሚላትን ጸሎት አልጨረሳትም። ወንበር ገፋለት። ያረጋል ግን አልተቀመጠም፤ ትዕዛዙ እየጠራው ነበር።

ሲመለሱ ሰዎቹ አንድ ስንኝ እንዲያወርድላቸው ለመኑት። ጭንቅላቱን በእምቢታ ነቀነቀ። የወሎው ልጅ «ለከተማ ብቻ ነው እንዴ የምትዘፍነው?» ብሎ ወጋው። ያረጋል ፊታቸውን አንድ ባንድ አየ። በዚያ ድምፅ ነው እነዚህን ጭኖ የሚወስድ፤ ማክሰኞን የበላውም ያው ድምፅ ነው። ቁጥሩን የሙሐመድጣሂርን ቢሰጥስ ኖሮ? ሰኔ ላይ ያቺ ሐሳብ ባጠገቡ እንኳ አላለፈችም። ሙሐመድጣሂር ወዳጁ ነው እንጂ አሳዳሪው አይደለም።

አያ ፈረደ ካምፑ በር ላይ ቆመው ነበር። ሰዎቹ ከተሳቢው ሲዘሉ ፊታቸው በራ።

«ጎሽ! አላልኩም? ይሄ ልጅ ድንጋይም ያሳፍራል!»

«አያ፣ ከጎንደር ተደውሎ ነበር?»

አያ ፈረደ አልካዱም። ያረጋልን ይበልጥ የጎዳው ይኸው ነው፤ ቢክዱ ኖሮ ጥፋት መሆኑን ያውቁት ነበር ማለት ነው።

«ተደውሏል። አዝመራው ሲወጣ ልነግርህ ነበር።»

«ለሌላ ስጡት አሉ።»

«ታዲያ ባክኖ ይቅር? የባሰበት ሰው ያግኘው አልኩ።»

«የኔ ነበር እኮ አያ።»

«ስማኝ ልጄ። በዚህ መንገድ መሄድና መመለሱ ሳምንቱን ይበላዋል፤ ከዚያ ደግሞ አትጩህ አትዝፈን ይሉሃል። ዘንጉን አሳይቼሃለሁ። ይሄ ሁሉ ሰው በማን ዜማ ያጭድ? ሰሊጥ አይጠብቅም። ያቺ እብጠት ስንት ዓመት ጠብቃለች! ገዳይ አይደለችም ብላናለች ሐኪሟ፤ በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

«አትገድልም ማለት አታንቅም ማለት ነው?»

አያ ፈረደ ዓይናቸውን ወደ ማሳው መለሱ። ከሽንፋ ወንዝ በኩል ደረቅ ንፋስ ተነሥቷል። ያልታጨደው ሰሊጥ ሲወዛወዝ አሸዋ በወንፊት እንደሚነፋ ይንሿሿል።

«አዲስ አበባም ቢሆን እኔ እወስድሃለሁ፤ ቃሌ ነው። አሁን ግን ቀኑን አትግደልብኝ። ና አውርድ።»

ይህን ብለው ወደ ማሳው ቀደሙ። ቃላቸውን ለመጠበቅ ማሰባቸውን ያረጋል አልተጠራጠረም። ሰኔም እንዲሁ አስበው ነበር።

ውባንች ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ሆና ሁሉን ሰምታለች። ውኃ አቀበለችው።

«ታምሜያለሁ በልና ተኛ። ማን ይነካሃል?»

«ከተኛሁ ነገ ያ የወሎ ልጅ ያወርዳል። አፍ አለው፤ መናኸሪያ ላይ ሰምቼዋለሁ።»

«እና ልታወርድላቸው ነው?»

ያረጋል ውኃውን በትንሽ በትንሹ ዋጠ። «አወርዳለሁ» አላት።

ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ነባሮቹና አዲሶቹ አጫጆች ማሳውን ዳር እስከ ዳር ተሰልፈው ማጭዳቸውን አዘጋጁ። አያ ፈረደ ከወዲያኛው ጫፍ እጃቸውን አነሡ፤ ጀምር ማለታቸው ነው። ያረጋል ሻሹን ከአንገቱ ፈትቶ ኪሱ ከተታት። የወሎው ልጅ እብጠቷን አሁን ገና በሙሉ አያትና ዓይኑን ሰበረ።

ነጎድጓዱ የሚነሣው ከፍ ብሎ ነው፤ ልክ እሷ ከምትይዝበት ቦታ። ያረጋል ትንፋሹን ሳበ። ነጎድጓዱን ግን አላነሣውም። ዝቅ ብሎ፣ ከእብጠቷ በታች ባለችው መንገድ፣ አባቱ ጎጃም አውድማ ላይ በሬዎቹን እህል ሲያስረግጡ ይሏት የነበረችውን ዜማ አወጣት። በሬ የሚዞርባት ዜማ ናት፤ መድረሻ የላትም። ካምና ወዲህ ጉሮሮው ሳይያዝ እንዲህ የወረደለት ዜማ አልነበረም።

«ዙር በሬው፣ ቀስ በል፣ ምን ያስቸኩልሃል፣
ፍሬው የጌታህ ነው፣ ገለባው ይበቃሃል።»

ነባሮቹ አጫጆች ቀና ብለው ተያዩ። የለመዱት አልነበረም። ከዚያ አንዱ ተቀበለ፣ ሁለተኛው ተከተለ፣ ሰልፉ ሁሉ ተቀበለ። ማጭዶቹም ዜማቸውን አገኙ፤ ወረድ፣ ሳብ፣ አረፍ። ወረድ፣ ሳብ፣ አረፍ።

አያ ፈረደ ከሩቅ ድምፁን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን በእርካታ ነቀነቁ። ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ነቅናቂው አንገት ቀጥ አለ።

«ያረጋል! ነጎድጓዱን እንጂ! ነጎድጓዱን አውርድ!»

«ተዉ አባባ!» አለ የወሎው ልጅ ከሰልፉ መሃል። «ይቺ ለወገብ ተመችታለች!»

ሰዉ ሳቀ፤ ሳቁም በዜማው ልክ ቀስ ያለ ነበር። ያረጋል ለአያ ፈረደ እጁን አነሣና በአንድ ጣቱ አንገቱን አሳያቸው፤ እሷ አልፈቀደችም እንደማለት። እውነትም ውሸትም ነበር። የት ላይ እንደሚለያዩ ሊያውቅ የሚችል ሰው ማሳው ውስጥ አልነበረም።

ንፋሱ በረታ። ባልታጨደው በኩል ፍሬው ደረቁ መሬት ላይ ሲረግፍ፣ ጆሮውን ለሰጠው፣ ይሰማል። አያ ፈረደ በሰሊጡ መሃል እየተደናቀፉ ወደ እሱ መሮጥ ጀመሩ።

ያረጋል እስኪደርሱ አልጠበቀም። ስንኟን ደገማት፤ ከፊተኛው ይበልጥ ቀስ አድርጎ።